ተምሮ በሰው አገር ስለ መቅረት

ትምህርትን ፍለጋ ከአባት ቤት መውጣት በጎጃም ምድር አዲስ ነገር አይደለም። የቅኔ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ አኩፋዳውን አንግቶ ከተወለደበት ደብር ሲርቅ፥ መራቁ ራሱ የትምህርቱ መጀመሪያ ሆኖ ይቈጠርለታል። በእናቱ ደጅ የሚማር ልጅ አንድ ቀን እርሻ ሲጠራው፥ አንድ ቀን ሠርግና ተዝካር ሲያስቀረው ዓመቱ ያልቅበታልና። ስለዚህ የመርጡለ ማርያም ልጅ ወደ ዲማ፥ የዲማው ወደ ጎንጅ፥ የጎንጁም ወደ ዋሸራ ይሄዳል። ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ዘአምላኪየን፥ ሚበዝኁን፥ ሥላሴን አልፎ እስከ መወድስና ዕጣነ ሞገር በደረሰ ጊዜ ግን አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል። ይኸውም «ተምረህ አበቃህ፤ እንግዲህ ወንበርህን የት ትዘረጋለህ?» የሚል ነው። ወደ አባቱ ደብር ይመለሳልን? ወይስ ባስተማረው አገር ይቀራልን? መማር በጥረት ይፈጸማል፤ የመቅረትና የመመለስ ነገር ግን ከጥረት ሌላ ሚዛን ይፈልጋል።

ይህ ጥያቄ ዛሬ ዓባይን ብቻ ሳይሆን ታላቁን ባሕር ተሻግሮ እስከ ጃፓን ደርሷል። አንባቢ ይህን ሲሰማ ነገሩ ለመርጡለ ማርያም እንግዳ ይመስለው ይሆናል፤ ነገር ግን አይደለም። መርጡለ ማርያም በምሥራቅ ጎጃም በእነብሴ ሳር ምድር ያለች ጥንታዊት ደብር ናት። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያኗን ያሠራችው ንግሥት እሌኒ ማቴዎስ የተባለውን አርመናዊ መልእክተኛ አድርጋ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ላከችው። እርሱም ከብዙ እንግልት በኋላ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1514 ሊዝቦን ገባ። እንግዲህ የዚያች ደብር ድንጋይ በሚጠረብበት ዘመን፥ ያሠራችው ንግሥት ዓይን ከባሕር ማዶ ነበረ ማለት ነው።

የኢትዮጵያ ሊቃውንት ወደ ጃፓን መመልከት የጀመሩትም ትናንት አይደለም። በ1923 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲዘጋጅ፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1889 የታወጀው የጃፓን ሕገ መንግሥት አርአያ ሆኖት ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሉ በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን ሄደው፥ ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚለውን መጽሐፍ በዚያው ዓመት አሳተሙ። ከዚያም በ1946 ዓ.ም. ከበደ ሚካኤል «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» የሚለውን መጽሐፍ አወጡ። በእነዚያ ዓመታት ጥያቄው «መንግሥታችን ከጃፓን ምን ይማር?» የሚል ነበረ። ዛሬ ግን ጥያቄው ከመንግሥት አዳራሽ ወጥቶ በአንድ ልጅና በአንድ አባት መካከል ገብቷል።

ጃፓን ራስዋም በመጀመሪያ ተማሪ እንደ ነበረች ማወቅ ይገባል። ከአገር የወጣ ሰው በሞት ይቀጣ በነበረበት ጊዜ፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1863፥ ከቾሹ ግዛት አምስት ወጣቶች ተደብቀው በመርከብ ወደ ለንደን ሄዱ። ከእነርሱም አንዱ ኢቶ ሂሮቡሚ በ1885 የጃፓን የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ያች ተማሪ የነበረች አገር ዛሬ መምህር ሆና ትጠራለች። መንግሥቷ ለውጭ አገር ተማሪዎች የትምህርት ዕርዳታ መስጠት የጀመረው በ1954 ነው። በ2008 ደግሞ ሦስት መቶ ሺህ ተማሪዎችን ለመቀበል ዕቅድ አወጣ፤ በ2019ም ቍጥሩ ከዚያ አለፈ። በ2013 ጠቅላይ ሚኒስትር ሺንዞ አቤ በዮኮሃማ በተደረገው የአፍሪካ ጉባኤ ላይ አንድ ሺህ የአፍሪካ ወጣቶች በጃፓን ተምረው በኩባንያዎችም ውስጥ ሥራ እንዲለማመዱ የሚያደርግ ዕቅድ አስታወቁ። ይህ ሁሉ ከቸርነት ብቻ የመጣ አይደለም። የጃፓን ሕዝብ ከዓመት ወደ ዓመት ይቀንሳል፤ ከመቶውም ሰው 29 ያህሉ ከ65 ዓመት በላይ የሆነው ሽማግሌ ነው። ስለዚህ ተማሪው ተምሮ እንዲሄድላት ብቻ ሳይሆን ሠርቶ እንዲቀርላት ትፈልገዋለች።

ከመርጡለ ማርያም የወጣ አንድ ወጣት በዚህ መንገድ ሄደ። አባቱ መሪጌታ ነበሩ፤ ልጃቸውንም ከፊደል እስከ መወድስ ያስተማሩት እርሳቸው ስለ ነበሩ «አባቴ» በማለት ፈንታ «የኔታ» እያለ ይጠራቸው ነበር። ከዚያ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ገባ፤ ባሕር ዳርም ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የመኪና መሐንዲስነትን ተማረ። በ2006 ዓ.ም. የጃፓን መንግሥት ዕርዳታ በደረሰው ጊዜ መሪጌታው፥ «ልጄ፥ ቅኔ ቤት እንደ ሄድህ ቍጠረው። በዚያ አገር ውሻ ባይነክስህም ብርድ ይነክስሃል፤ የሚበልጠው ብርድ ግን ቋንቋ አለማወቅ ነው» ብለው መርቀው ሰደዱት።

እንዳሉትም ሆነ። በኢትዮጵያ 33ቱን ፊደል በሰባት ሰባት ቤት 231 አድርጎ ያጠና ልጅ፥ በጃፓን 46 ፊደል ያላቸው ሁለት ገበታዎች ቀረቡለት። እነዚህን በአንድ ወር ፈጸማቸው። ነገር ግን ከቻይና የመጣው «ካንጂ» የሚባለው ጽሕፈት በኋላ ይጠብቀው ነበር። ከዚህ ውስጥ ለዕለት ንባብ የተወሰነው ብቻ 2,136 ነው፤ ያውም አንዱ ምልክት እንደ አገባቡ በሁለትና በሦስት ዓይነት ይነበባል። ሌሎች የውጭ ተማሪዎች በዚህ ሲመረሩ እርሱ ግን ደስ አለው። አንድ ቃል ሁለት ፍች ሲሸከም በኅብረ ቃል ለምዶት ነበርና።

ጭንቁ የመጣው በሁለተኛው ትምህርት መጨረሻ ነው። በጃፓን ታላላቆቹ ኩባንያዎች አዲስ ተመራቂን በብዛት የሚቀበሉት በዓመት አንድ ጊዜ፥ በመጋቢት 23 ቀን ነው። ይህም በእነርሱ ሚያዝያ አንድ ይባላል። ለዚያች ቀን የሚደረገው ፍለጋ ግን ከምረቃው አንድ ዓመት ቀድሞ ይጀምራል። ኩባንያዎቹ በእነርሱ መጋቢት ወር ስለ ሥራቸው ያስታውቃሉ፤ በሰኔ መርምረው በጥቅምት የተቀባይነትን ቃል ይሰጣሉ። «ልመረቅና ሥራ እፈልጋለሁ» ብሎ የሚቀመጥ እንግዳ፥ መርከቡ ከሄደ በኋላ ወደ ወደብ እንደሚወርድ መንገደኛ ነው። ተመርቆ ሥራ ያላገኘ ተማሪ ደግሞ የሚፈቀድለት ስድስት ወር ነው፤ ያም አንድ ጊዜ ብቻ ይታደስለታል። ወጣቱ ይህን ሁሉ የሰማው ዘግይቶ፥ ከእርሱ ቀድሞ ከመጣ ከአንድ የሱዳን ተማሪ ነበር።

ያን ጊዜ ጥቁር ልብስ ገዛ። ሥራ ፈላጊው ሁሉ አንድ ዓይነት ጥቁር ልብስ ይለብሳልና። ከሠላሳ በላይ ለሆኑ ኩባንያዎችም ማመልከቻ ላከ። መልሱ በብዙ ትሕትና ይመጣል፤ በመጨረሻውም ላይ «ወደ ፊት እንዲሳካልዎ እንጸልያለን» የሚል ቃል አለበት። የጃፓን ተማሪዎች ይህን ደብዳቤ «የጸሎት ደብዳቤ» ብለው ይጠሩታል፤ ትርጓሜውም አልተቀበልንህም ማለት ነው። ወጣቱ የመጀመሪያውን ባነበበ ጊዜ ብቻውን ሳቀ። በልጅነቱ በእነብሴ መንደሮች በየደጁ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል፥ «እግዜር ይስጥልን» የሚል ድምፅ ከውስጥ ከመጣ ወደ ሚቀጥለው ደጅ ማለፍ እንዳለበት ያውቅ ነበር። እምቢታ በጸሎት ተጠቅልሎ መምጣቱ ለእርሱ አዲስ አልነበረም። ስለዚህ ሳይቈጣ ወደ ሚቀጥለው ደጅ አለፈ። በመጨረሻም በናጎያ አጠገብ የመኪና ክፍሎችን የሚሠራ አንድ ፋብሪካ ተቀበለው፤ በመጋቢት 23 ቀን 2009 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ።

በፋብሪካው ያገኘው ሥርዓት ግማሹ የቅኔ ቤት ሥርዓት ነበር። በቅኔ ቤት ከመምህሩ በታች አስነጋሪ እንዳለ ሁሉ፥ በዚያም አዲስ ገቢ የሆነውን ሰው ቀድሞት የገባ ሰው ይዞ ያሠለጥነዋል። አንድ ሥራ ከመሠራቱ በፊት ይመከርበታል፤ በሥራ ጊዜ ይነገርበታል፤ ከሥራ በኋላም ይተረክበታል። ከትንሽ ጉድለት ተነሥቶ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማሻሻል የሚባለው «ካይዘን»፥ በኢትዮጵያም በ2004 ዓ.ም. ተቋም የተተከለለት ትምህርት፥ በዚያ ስፍራ በግድግዳ ላይ የተሰቀለ መፈክር ሳይሆን የመጥረጊያ ማስቀመጫ እንኳ በቀለም ተሠምሮ የሚታይበት ልማድ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የከበደው የንግግራቸው ነገር ነው። ጃፓኖች በአፍ የሚባለውንና በልብ ያለውን በሁለት ስም ይለዩታል። ትልቅ ሰው ለትንሽ፥ ሻጭም ለገዢ የሚናገርበት አነጋገር ልዩ ልዩ ነው፤ ይህስ አንተና አንቱ ብሎ ላደገ ሰው አይገርምም። ነገር ግን አንድ ገዢ «እንመረምረዋለን» ብሎ በትሕትና ካጐነበሰ፥ ብዙ ጊዜ አንፈልገውም ማለቱ ነው። ይህን ሳይነገሩ ማወቅን «አየርን ማንበብ» ይሉታል። ወጣቱ ይህን ፈጥኖ ለመደ፤ አለቆቹም አደነቁት። እርሱ ግን ነገሩ ሰምና ወርቅ እንጂ ሌላ እንዳልሆነ ያውቅ ነበር።

በጥቅምት 2011 ዓ.ም. መሪጌታው በስልክ እንዲህ አሉት፤ «የቤቱን ምሰሶ ምስጥ ገብቶበታል፤ ጣሪያው ግን እስካሁን አልተንቀሳቀሰም። ጎረቤት ባላ ይደግፍበታል፤ አንተ ሥራህን ሥራ።» ወጣቱም ጥሩ ወይራ ተገዝቶ ምሰሶው እንዲለወጥ በማግሥቱ ገንዘብ ላከ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደውሎ ቢጠይቅ፥ «ገንዘቡ ደርሶናል፥ እግዚአብሔር ይስጥህ። ለምሰሶው ግን ገበያ አልተገኘለትም» አሉት። እርሱም እንጨት ጠፍቶ መስሎት ለአጎቱ ልጅ ጽፎ ከሞጣ እንዲያስመጣ አዘዘ።

በኅዳር ወር አንድ ቀን በፋብሪካው ከገዢዎች ጋር ጉባኤ ተደረገ። የመጡት ሰዎች «እንመረምረዋለን» ብለው ሲሄዱ፥ ወጣቱ አጠገቡ ለተቀመጠው አዲስ ገቢ «አልተቀበሉንም» ብሎ በቀስታ ነገረው። የክፍሉ አለቃ ይህን ሰምቶ «የውጭ አገር ሰው ሆነህ አየሩን ከእኛ ልጆች አስቀድመህ አነበብህ» ብሎ አመሰገነው። ማታ በባቡር ቆሞ ወደ ቤቱ ሲሄድ ይህን ምስጋና በልቡ እየደጋገመ ሳለ፥ ድንገት የአባቱ ቃል መጣበት። ምሰሶው ማን እንደ ሆነ፥ ምስጡ ምን እንደ ሆነ፥ ያልተንቀሳቀሰው ጣሪያ እናቱ እንደ ሆነች፥ በገበያ የማይገዛውም ምን እንደ ሆነ ያን ጊዜ ገባው። የባዕዱን ገዢ ወርቅ በአንድ ቅጽበት ያገኘ ሰው፥ ፊደል ያስቈጠሩትን የአባቱን ወርቅ አንድ ወር ሙሉ ሰም አድርጎ ይዞት ነበር።

በሕግ የተሰጠው የዕረፍት ቀን ነበረው፤ ነገር ግን በዚያ አገር ሠራተኛ ዕረፍቱን በአንድ ጊዜ ሲጠይቅ ጓደኞቹን እንደሚያስቸግር ስለሚቈጠር ብዙ ሰው አይጠይቅም። ወጣቱ ወደ አለቃው ገብቶ ነገሩን ሳያለባብስ፥ «አባቴ ታመዋል፤ መሄድ አለብኝ» አለ። አለቃውም ጥቂት ዝም ብሎ የቀን መቍጠሪያውን ወደ እርሱ አዞረና፥ «ቅዳሜንና እሑድን ጨምረህ ቍጠረው» አለው።

ከጃፓን በአውሮፕላን አዲስ አበባ ገባ፤ ከዚያም በደጀን በኩል ዓባይን ተሻግሮ በብቸና መንገድ መርጡለ ማርያም ደረሰ። መሪጌታው በመደብ ላይ ተኝተው ነበር፤ ዓይናቸውም ደክሞ በድምፁ ለዩት።

«ምሰሶውን አየኸው?» አሉት።

«አየሁት፥ የኔታ። ሰሙን በጥቅምት ሰማሁ፤ ወርቁን ግን በኅዳር ነው ያገኘሁት።»

«ለባለ መወድስ አንድ ወር ብዙ ነው» ብለው ሳቁ፤ ሳቁም ወደ ሳል ተለወጠ።

በሦስተኛው ቀን ልጁ በልቡ የያዘውን ጥያቄ አቀረበ። «የኔታ፥ ሥራውን ትቼ ከእርስዎ ዘንድ ልቅር?»

መሪጌታው ወዲያው አልመለሱም። ቈይተው፥ «በዚያ አገር ስንት ደቀ መዝሙር አለህ?» ብለው ጠየቁት።

«ደቀ መዝሙር ከየት ይመጣል፥ የኔታ? እኔ ራሴ ገና ነጋሪ አለብኝ።»

«እንግዲያስ አልተመረቅህም። ሳይመረቅ የመጣ ተማሪ ሸሸ ይባላል እንጂ ተመለሰ አይባልም። ሂድና ጨርስ። ነገር ግን፥ ልጄ፥ ከእንግዲህ ወዲህ እኔም በቅኔ አልነግርህም፥ አንተም በገንዘብ አትመልስልኝ። ስታመም ታመምሁ እልሃለሁ፤ ስትደክም ደከምሁ በለኝ። ቅኔ ለማኅሌት ነው፤ በአባትና በልጅ መካከል ግን ባሕር ሲገባበት ግልጥ ቃል ይሻላል።»

ልጁም ተመልሶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ ይነጋገሩ ነበር፤ የሚነጋገሩትም ስለ ሕመም፥ ስለ ድካም፥ ስለ ደመወዝና ስለ ቤት ኪራይ፥ እንዲያው ስለ ተራ ነገር ሁሉ ነበር። መሪጌታው በ2013 ዓ.ም. ዐረፉ። ልጁ በቀብራቸው አልደረሰም፤ ነገር ግን የሕመማቸውን ቀን በቀን ያውቅ ነበር፥ እርሳቸውም የእርሱን ድካም ያውቁ ነበር። አሁን በዚያው ፋብሪካ አዲስ ገቢዎችን የሚያሠለጥን ሆኗል። ከኢትዮጵያ የሚመጡ ተማሪዎችም ሲጠይቁት አስቀድሞ የሚነግራቸው የሥራ ፍለጋው በየትኛው ወር እንደሚጀመር ነው። በመጨረሻ ይመለስ እንደ ሆነ ገና አልቈረጠም።

የዚህን ሰው ነገር ሰምተው አንዳንዶች «ተምሮ የቀረ ለአገሩ ጠፋ» ይላሉ። ሌሎችም «ገንዘብ ከላከ ምን ጐደለ?» ይላሉ። ሁለቱም ፍርድ ሙሉ አይደለም። ኢቶ ሂሮቡሚ ለንደን ቢቀር ኖሮ ጃፓን አንድ ታላቅ ሹም ባጣች ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን የጎጃም መምህራን ሁሉ በተወለዱበት ደብር ብቻ ወንበር ቢዘረጉ ኖሮ፥ የዋሸራ ቅኔ ከዋሸራ ባልወጣ ነበር፤ ይህም እውነት ነው። መቅረት በራሱ በደል አይደለም፤ መመለስም በራሱ ጽድቅ አይደለም። የሚመረመረው፥ የሄደው ሰው ከተማረው ነገር ለማን እንዳስተማረና፥ ቤቱ ስትናገረው ይሰማት እንደ ሆነ ነው።

ገንዘብ ፈጥኖ ይደርሳል፤ ፈጥኖ ስለሚደርስም ሰሚውን ያደነቍረዋል። የላከ ሰው የመለሰ ይመስለዋልና። ወላጅም በበኩሉ ልጁን ላለማስጨነቅ ብሎ ችግሩን በምሳሌ ይሸፍናል፤ ልጁ ምሳሌውን ሳይፈታ ቢቀርም በልቡ ያዝናል። እንዲህ ሆኖ ሁለት የሚዋደዱ ሰዎች፥ አንዱ ለሌላው ሲሉ፥ ሳይሰማሙ ዓመታት ያልፋሉ። ስለዚህ ወደ ሩቅ አገር የሚሄድ ተማሪ የዚያን አገር ቋንቋና የሥራ ደንብ አስቀድሞ ይማር፤ የሰው አገር አየር ማንበብን ሲለምድም የአባቱን ደጅ አየር አይርሳ። ልጁን የሚልክ ወላጅም ስንቅ ከማሰናዳቱ በፊት ግልጥ ቃል ያሰናዳ።